ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ አልወርድ ያለ የፓራታይሮይድ ሆርሞን፤ እህቴ የአንገት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል?

ጠያቂ፦ የደሴ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ለምታነቡልኝ ሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ ስለ ታላቅ እህቴ ነው። ለዓመታት በዲያሊስስ ከቆየች በኋላ ታናሽ ወንድማችን አንድ ኩላሊቱን ሰጥቷት አዲስ አበባ ላይ ንቅለ ተከላ ተደርጎላታል፤ አሁን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። አልሐምዱሊላህ፣ ኩላሊቱ በደንብ እየሠራ ነው፤ የኩላሊት ሥራ የሚለካበት ክሪያቲኒኗ 1.1 ነው፣ እግሯ አያብጥም፣ መድኃኒቶቿንም ሰዓት ሳታዛንፍ ትወስዳለች። ሰውነቷ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የምትወስዳቸው ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ናቸው።

ያስጨነቀን ሌላ ነገር ነው። ሰሞኑን እዚህ ደሴ ባሠራነው ምርመራ ካልሲየሟ 11.2፣ ፎስፈረሷ 1.9፣ ማግኒዥየሟ 1.5፣ አልቡሚኗ 4.1፣ ቫይታሚን ዲ ደግሞ 14 ሆኖ መጣ። የፓራታይሮይድ ሆርሞኑ 310 ይላል። በሦስተኛው ወር አዲስ አበባ በተሠራው የውጤት ወረቀት ላይ ይኸው ሆርሞን 41 ነበር። ከ41 ተነሥቶ 310 መድረሱን ሳይ እጄ ላይ ያለው ወረቀት ከበደኝ። ውጤቱን ያየልን ባለሙያም «ይህ ሆርሞን ካልወረደ በአንገት በኩል ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል» ስላለን ቤተሰቡ በሙሉ ተረብሿል። እናታችን ነገሩን ከእንቅርት ጋር አያይዛው «እንቅርት የላት፣ አንገቷን ለምን ይነኩባታል?» እያለች ሌሊት አትተኛም።

የምግቡም ጉዳይ ግራ አጋብቶናል። በዲያሊስስ ዘመኗ ፎስፈረስ አለው እየተባለች ከወተት፣ ከባቄላና ከአተር ርቃ ነበር የኖረችው፤ አሁን ደግሞ ፎስፈረስሽ አንሷልና እነዚያኑ ብዪ ትባላለች። በዚህ ላይ አንዲት ጎረቤታችን ጤፍ ካልሲየም የበዛበት እህል መሆኑን ሰምተው ነገሯትና እህቴ የጤፍ እንጀራ ትታ የስንዴ ዳቦ ብቻ መብላት ጀምራለች። ደሴ ላይ ተቀምጣ እንጀራ የተወች ሰው ምን ያህል እንደምትከፋ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው፦ ኩላሊቱ ከተቀየረና በደንብ ከሠራ በኋላ ይህ ሆርሞን ስለ ምን ከፍ ይላል? አጥንቷንና አዲሱን ኩላሊት ይጎዳባት ይሆን? ቀዶ ሕክምናስ በእርግጥ አስፈላጊ ነው?

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ደሴ

ወንድሜ፣ እህትዎን አላህ ይማርልን፤ ኩላሊቱን ለሰጠው ወንድማችሁም ጤና ይስጥልን። የሚከታተሏትን ሐኪሞች ልተካ አልችልም፤ ነገር ግን የላኩት ውጤት ሊብራራ የሚገባው ስለሆነና እንዲህ ያለ ጭንቀት ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦችን ደጋግሜ ስለማይ በዝርዝር ልጽፍልዎ።

ከሁሉ በፊት ያስደነገጠዎትን ቁጥር እናጥራ። የፓራታይሮይድ ሆርሞን በሁለት ዓይነት መለኪያ ይጻፋል። አንዳንዱ ላቦራቶሪ በፒኮግራም በሚሊ ሊትር፣ ሌላው ደግሞ በፒኮሞል በሊትር ያወጣዋል። አንድ ፒኮሞል በሊትር ማለት 9.4 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ያህል ነው። በመጀመሪያው መለኪያ የጤነኛ ሰው ልክ በአብዛኛው ከ15 እስከ 65 ሲሆን በሁለተኛው ደግሞ ከ1.6 እስከ 6.9 ገደማ ይሆናል። እስቲ የአዲስ አበባውን ወረቀት አውጥተው ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን መለኪያና በቅንፍ ያለውን ጤናማ ልክ ይመልከቱ። እንደምገምተው 41 የሚለው በፒኮሞል የተጻፈ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ በደሴው መለኪያ ሲሰላ ወደ 387 ይጠጋል። ስለዚህ ሆርሞኑ ከ387 ወደ 310 ወርዷል እንጂ አልጨመረም ማለት ነው። ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት መመርመሪያ ስለሚለያይ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደርም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከተቻለ ከእንግዲህ ወዲህ ይህን ምርመራ ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ ያሠሩ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች በአብዛኛው አራት ሲሆኑ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ተለጥፈው የሚገኙ፣ እያንዳንዳቸው ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ናቸው። ከእንቅርት ጋር የሚያገናኛቸው የቦታ ጉርብትና ብቻ ነው፤ ሥራቸው ፍጹም የተለየ ነውና ይህን ለእናትዎ ቢነግሯቸው ጥሩ ነው። የእነዚህ ዕጢዎች ሥራ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም እንዳያንስ መጠበቅ ነው። ካልሲየም ሲያንስ ሆርሞናቸውን ያመነጫሉ፤ ሆርሞኑም ካልሲየምን ከአጥንት ያስለቅቃል፣ ኩላሊት ካልሲየምን እንዲይዝና ፎስፈረስን በሽንት እንዲያስወግድ ያዝዛል፣ ኩላሊት ውስጥ ቫይታሚን ዲ ወደሚሠራበት መልክ እንዲለወጥ በማድረግም አንጀት ካልሲየምን ከምግብ አብዝቶ እንዲስብ ያደርጋል።

ኩላሊት ሲደክም ፎስፈረስ ይጠራቀማል፣ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ያንሳል፣ ካልሲየምም ይወርዳል። ዕጢዎቹ ይህን እጥረት ለመሙላት ሌት ተቀን ሲሠሩ ይፋፋሉ። ጤነኛ ዕጢ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም የሚመዝን ሲሆን ለዓመታት በዲያሊስስ የቆየ ሰው ዕጢ ግን ከ500 ሚሊ ግራም ሊያልፍ ይችላል። ይህን ያህል ያደገ ዕጢ በውስጡ እባጭ መሰል ክፍሎች ይፈጥራል፤ በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ካልሲየም በቂ መሆኑን የሚያውቁበት መቀበያ ስለሚቀንስባቸው «በቃ» የሚለው መልእክት በወጉ አይደርሳቸውም። የሕዋሳቱ ዕድሜ ረጅም ስለሆነም ኩላሊት ተቀየረ ተብሎ ዕጢዎቹ በአንድ ሰሞን ወደ ቀድሞ መጠናቸው አይመለሱም። ሆርሞኑ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን አወራረዱ አዝጋሚ ይሆናል፤ ከዓመት በኋላም ከፍ ብሎ የሚቆይባቸው ሕመምተኞች ጥቂት አይደሉም። በዲያሊስስ ረጅም ዓመት የቆየ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል።

እንግዲህ የእህትዎ ካልሲየም ከፍ፣ ፎስፈረስ ዝቅ ያለው ኩላሊቱ ስለታመመ አይደለም። ይልቁንም አዲሱ ኩላሊት ጤነኛ በመሆኑ ሆርሞኑ የሚያዝዘውን ሁሉ ይፈጽማል፤ የቀድሞዎቹ ኩላሊቶች መፈጸም ያቃታቸውን ትእዛዝ ይህኛው አሟልቶ ስለሚሠራ ካልሲየም ይይዛል፣ ፎስፈረስ ያፈስሳል። ለፎስፈረሱ መውረድ ሌላም ምክንያት አለ፤ አጥንት የሚያመነጨው ኤፍጂኤፍ 23 የሚባል ሆርሞን በኩላሊት ሕመም ዘመን እጅግ ከፍ ብሎ ይቆይና ከንቅለ ተከላ በኋላም ለተወሰኑ ወራት ፎስፈረስን በሽንት ማስወጣቱን ይቀጥላል። ማግኒዥየሟ የወረደው ግን በታክሮሊመስ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህ መድኃኒት ማግኒዥየም በሽንት እንዲባክን ያደርጋል።

አይጎዳትም ብዬ ላታልልዎ አልችልም። ካልሲየም ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ከቆየ በኩላሊቱ ሥጋ ውስጥ ሊከማች፣ ጠጠር ሊሆን፣ የደም ሥሮችንም ሊያጠነክር ይችላል። ሽንት ስለሚያበዛም ሰውነት ውኃ ያንሰዋል፤ ውኃ ሲያንስ ክሪያቲኒን ይጨምራል። ስለ አጥንት ከተነሣ፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ አጥንት በብዛት የሚሳሳው በመጀመሪያዎቹ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ነው፤ የሆርሞኑ ከፍ ማለትና ፕሬድኒሶሎን እዚህ ላይ ይተባበራሉ። እህትዎ ብሽሽቷ ወይም ዳሌዋ አካባቢ የማይለቅ ሕመም ካላት፣ በተለይም ስትራመድ የሚብስ ከሆነ፣ ለሐኪሟ ሳትነግር አትለፍ፤ ፕሬድኒሶሎን የጭኑ አጥንት ራስ ደም እንዲያጣ የሚያደርግበት አጋጣሚ አለና።

ሕክምናውን በተመለከተ እኔ የምከተለው አካሄድ ትዕግሥት ያለበት ክትትል ነው። ሆርሞኑ እየወረደ ከሆነ፣ ካልሲየሟም 12 ሳይደርስ ከቆየና እርሷም ደህና ከሆነች አብዛኞቹ ባለሙያዎች ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት እስኪሞላ ይጠብቃሉ። በዚህ መሃል ካልሲየም፣ ፎስፈረስና የፓራታይሮይድ ሆርሞን አንድ ላይ እየተመረመሩ አካሄዳቸው ይታያል፤ አንዱን ለብቻ ነጥሎ ማየት ያሳስታል። የቫይታሚን ዲ እጥረቷ መሞላት አለበት፤ እጥረቱ ራሱ ሆርሞኑን ከፍ ያደርጋልና። ነገር ግን ካልሲየሟ ከፍ ያለ በመሆኑ መጠኑን የሚወስነውም፣ ካልሲየሟን እየለካ የሚከታተለውም ሐኪሟ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፦ ደሴ ፀሐይ ሞልቶ እያለ ቫይታሚን ዲ እንዴት አነሳት ለሚል ሰው፣ ተሸፍኖ የሚሄድና ከንቅለ ተከላ በኋላም ከቆዳ ካንሰር ለመጠበቅ ከፀሐይ እንዲሸሽ የተመከረ ሰው ቆዳው ፀሐይ አያገኝም።

ጊዜው አልፎ ካልሲየሟ ከፍ እንዳለ ከቀጠለ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሲናካልሴት የሚባለው፣ ዕጢው ካልሲየም በቂ መሆኑን እንዲያውቅ የሚያግዝ እንክብል ነው። ካልሲየምን በደንብ ያወርዳል፤ ነገር ግን ዕጢውን አያጠፋም፣ መድኃኒቱ ሲቆም ችግሩ ይመለሳል፣ ማቅለሽለሽም ያስከትላል። ሁለተኛው ከዕጢዎቹ ሦስት ተኩሉን ያህል የሚያስወግድ ቀዶ ሕክምና ነው። ስፔን ውስጥ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ይህ ችግር የነበረባቸውን 30 ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሲያወዳድር፣ ከዓመት በኋላ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 15ቱም ካልሲየማቸው ተስተካክሎ ተገኝቷል፤ ሲናካልሴት ከወሰዱት 15 ሰዎች ደግሞ የ10ሩ ተስተካክሏል። የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት ቢሆንም ውሳኔ ላይ ለሚገኝ ቤተሰብ ጠቃሚ መረጃ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንጀራዋን ይመልሱላት። ጤፍ ካልሲየም እንዳለው እውነት ነው፤ በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ 180 ሚሊ ግራም ያህል ይገኛል። የእህትዎ ካልሲየም ከፍ ያለው ግን በእንጀራው አይደለም፤ ትእዛዙ የሚመጣው ከዕጢዎቹ ነው። ከምግቧ ካልሲየምን አሳንሳ ብትኖር ዕጢዎቹ ከአጥንቷ ይወስዱታል። ፎስፈረሱንም ቢሆን ከባቄላ፣ ከምስር፣ ከእንቁላል፣ ከሥጋና መጠነኛ ከሆነ ወተት ብታገኘው እመርጣለሁ። የፎስፈረስ መድኃኒት ፎስፈረሱ እጅግ ሲወርድ ወይም ጡንቻ ሲደክም ሐኪም የሚያዝዘው ነው፤ ያለ ትእዛዝ ቢወሰድ ያንኑ ሆርሞን መልሶ ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊቱ ውስጥም ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ሊከማች ይችላል።

መልስ፦ እናት ከኮምቦልቻ

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ። እኔም ንቅለ ተከላ ተደርጎልኛል፣ ለዚሁ ሆርሞን ቀዶ ሕክምናም ተደርጎልኛል። ሐኪሙ የጻፉትን በሙያቸው አውቀውታል፤ እኔ ደግሞ በሰውነቴ ያወቅሁትን ልንገርህና ለእህትህ አንብብላት።

የእኔ ካልሲየም ዓመት አልፎትም ከ12 በላይ ወጥቶ አልወርድ አለ። ቡና ለማፍላት ከተቀመጥኩበት በርጩማ ስነሣ ጉልበቴንና ታፋዬን ይዤ፣ ልጆቼ ደግፈውኝ ነበር። ውኃ ጥሙ አይጣል ነው፤ ሌሊት ለሽንት እየተነሣሁ እንቅልፍ አጣሁ፣ ሆዴ ይደርቃል፣ ነገር ይረሳኛል። ሰው ሁሉ ኩላሊቱ ነው ሲል ምርመራው ግን ኩላሊቱን ጤነኛ ያደርገዋል። ሲናካልሴት ተሞክሮልኝ ነበር፤ ካልሲየሙን አወረደው፣ ነገር ግን ከምግብ ጋር ብወስደውም ሆዴ አልቀበል ስላለኝና የታክሮሊመሱን እንክብል ተፍቼው እንዳይሆን እየሰጋሁ ስለኖርኩ በመጨረሻ ከሐኪሞቼ ጋር ተመካክረን ቀዶ ሕክምናውን መረጥን።

ስለ ቀዶ ሕክምናው እናትህ ሊያውቁት የሚገባው፣ ጠባሳው አንገት ግርጌ ላይ እንደ ቀጭን ክር ያለ መሆኑን ነው። ሻሽ ሲጠመጠም ጭራሹን አይታይም። ወደ ድምፅ የሚሄደው ነርቭ በዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ድምፅ ሊሻክር እንደሚችል አስረድተውኛል፤ የእኔ ድምፅ ሻከር ብሎ ሰንብቶ ተመልሷል።

የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፣ ስለሱም ደህና አድርገው አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ሆርሞኑ በድንገት ሲወርድ ለዓመታት ሲበላ የኖረው አጥንት ካልሲየሙን ከደም እየሳበ ለራሱ ይወስዳል። ከንፈሬ ዙሪያና ጣቶቼ ጫፍ ላይ እንደ ጉንዳን ሲርመሰመስብኝ ነርሷን ጠራሁ። ነርሷ ከጆሮዬ ፊት ለፊት ጉንጬን በጣቷ መታ መታ ስታደርገው የከንፈሬ ጥግ ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ካልሲየም በደም ሥሬ ተሰጠኝ። ደሜ በየጥቂት ሰዓቱ ይመረመር ነበር። ከሆስፒታል ስወጣም ብዙ የካልሲየም እንክብልና ካልሲትሪዮል የሚባለውን የሚሠራውን ቫይታሚን ዲ ይዤ ወጣሁ፤ ለሳምንታት እየተመረመርኩ ነው መጠኑ ቀስ በቀስ የተቀነሰልኝ። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ከተወሰነ እህትህ ካልሲየም ቶሎ ቶሎ መመርመር ከሚቻልበት ከተማ ሳትርቅ ትቆይ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ጣቷን እየወረራት አውቶብስ ላይ መገኘት የለባትም።

ክሪያቲኒኔም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከፍ ብሎ አስደንግጦኝ ነበር፤ ሆርሞኑ ሲወርድ በኩላሊቱ ውስጥ ያለው የደም ፍሰት ስለሚለወጥ እንደሚያጋጥም አስረዱኝ፣ በኋላም ወረደ። ዛሬ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቡናዬን እስከ በረካ አፈላለሁ። እህትህን አይዞሽ በልልኝ።

ጠያቂ፦ የደሴ ልጅ

ሁላችሁንም ፈጣሪ ያክብርልኝ። ዶክተር እንዳሉኝ የአዲስ አበባውን ወረቀት አውጥቼ አየሁት፤ በእርግጥም በፒኮሞል የተጻፈ ነው፣ በቅንፍ ውስጥ ያለው ጤናማ ልክም እስከ 6.9 ይላል። እናቴ ይህን ስነግራት «ወርዷል ነው የምትለኝ?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። እናት ከኮምቦልቻ የጻፉልንንም ለእህቴ አነበብኩላት፤ ስለ ከንፈሩ መውረር ስትሰማ ብትፈራም እንዲህ ተብራርቶ መስማቷ ደስ አሰኝቷታል።

አሁን መድኃኒቶቿን አንድ በአንድ ሳያቸው ሁለት ነገሮች አገኘሁ። ለደም ግፊቷ አምሎዲፒን ትወስድ ነበር፤ በቅርቡ ግን እዚሁ አንድ ክሊኒክ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጨምረውላታል። ከዲያሊስስ ጊዜ የተረፈ የካልሲየም ካርቦኔት እንክብልም አለ፤ «ለአጥንት ጥሩ ነው» በማለት አልፎ አልፎ ትወስደዋለች። እነዚህ ከጉዳዩ ጋር ይገናኙ ይሆን? ለጨጓራዋም ኦሜፕራዞል ትወስዳለች።

መልስ፦ ፋርማሲስት ከወልድያ

ወንድሜ፣ የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ማምጣትዎ መልካም ነው፤ ሦስቱም ከጉዳዩ ጋር ይገናኛሉ።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ኩላሊት ካልሲየምን በሽንት እንዳያስወጣ ያደርጋል። ለብዙ የደም ግፊት ሕመምተኞች ደህና መድኃኒት ነው፤ የፓራታይሮይድ ሆርሞኑ ከፍ ላለበት ሰው ግን ካልሲየሙን ይበልጥ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ማግኒዥየምንም ይቀንሳል። ስለዚህ ከ11.2ው ውስጥ የተወሰነው በዚህ መድኃኒት የመጣ ሊሆን ስለሚችል ስለ ቀዶ ሕክምና ከመነጋገር በፊት የሚከታተላት የንቅለ ተከላ ክፍል ይህን ማወቅ አለበት። የደም ግፊት መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አደጋ ስላለው ዛሬውኑ ስልክ ደውላችሁ በምን እንደሚተካ ጠይቁ።

የካልሲየም ካርቦኔቱን ግን ሐኪሟ አሁን እንድትወስደው እስካላዘዘላት ድረስ አትውሰደው። በዲያሊስስ ጊዜ የታዘዘላት ምግብ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ አንጀት ውስጥ ይዞ እንዲያስቀር ነበር፤ አሁን ግን ፎስፈረሷ ዝቅ፣ ካልሲየሟ ከፍ ብሏልና በሁለቱም በኩል አላስፈላጊ ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈ አልፋካልሲዶል ወይም ካልሲትሪዮል ካለም ለሐኪሟ ሳያሳዩ አይስጧት።

ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ማግኒዥየምን ያወርዳል፤ ከታክሮሊመሱ ጋር ሲደመር የ1.5ቱ ምክንያት ይገባናል። ለጨጓራዋ የግድ የሚያስፈልጋት መሆኑን ሐኪሟ ያያል። ማግኒዥየም ከታዘዘላት ከማይኮፌኖሌት ጋር በአንድ ሰዓት አትዋጠው፤ ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች ማይኮፌኖሌት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል፣ ይህ ደግሞ ሰውነቷ ኩላሊቱን አልቀበል ብሎ እንዲገፋው ሊያደርግ ይችላል። ምን ያህል ማራራቅ እንደሚገባት መድኃኒቱን የሚሰጣት ባለሙያ በሰዓት ጽፎ ይስጣት።

ስለ ደም አወሳሰዱም አንድ ነገር ልጨምር፦ ክንድ በመቀነት ታስሮ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ካልሲየም ከእውነተኛው ልክ ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ለሆርሞኑ ምርመራ የሚቀዳው ደም ያለበት ብልቃጥ ደግሞ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለው፤ እርሱ ወደ ካልሲየም መመርመሪያው ብልቃጥ ከተጋባ ካልሲየሙን ዝቅ፣ ፖታሲየሙን ከፍ አድርጎ ያስነብባል። ከቀድሞው የማይስማማ ውጤት ሲመጣ ቤተሰብ ከመደናገጡ በፊት ምርመራው ይደገም ማለት መብታችሁ ነው።

ጠያቂ፦ የደሴ ልጅ

ወደ ንቅለ ተከላ ክፍሉ ደውለን ሃይድሮክሎሮታያዛይዱን አስቁመው የአምሎዲፒኑን መጠን አስተካክለውላታል፤ ካልሲየሟም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲደገም አዘዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እህቴ የዘንድሮን ረመዳን ለመጾም ቆርጣለች፤ «በዲያሊስስ ዓመታት አልጾምኩም፣ አሁን ድኛለሁ» ትላለች። ለልቧ ትልቅ ነገር ስለሆነ ከማናችንም ጋር መከራከር አትፈልግም።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ደሴ

ስሜቷን እረዳለሁ፤ ለዓመታት ሰው ሲጾም እያየች የቆየችበት ነገር ነው። ነገር ግን ካልሲየሟ ከፍ ባለበት በዚህ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ መዋል ለእርሷ የተለየ አደጋ አለው። ካልሲየም ከፍ ሲል ኩላሊት ሽንትን አጥብቆ መያዝ ስለሚያቅተው ሰውነቷ ሳትጠጣም ውኃ እያጣ ይውላል፤ ውኃ ሲያንስ ካልሲየሙ ይበልጥ ይጠነክራል፣ ክሪያቲኒኗም ይወጣል፣ የታክሮሊመሱ መጠንም ኩላሊቱ ላይ ይከብዳል። ታክሮሊመስ በ12 ሰዓት ልዩነት የሚወሰድ ከሆነም የሱሑርና የኢፍጣር ሰዓት ከዚያ ጋር መስማማቱ መታየት አለበት።

ንቅለ ተከላው ዓመት ሞልቶት፣ ኩላሊቱ ረግቶና ካልሲየሙ ተስተካክሎ የሚጾሙ ሰዎች አሉ፤ ያ በሐኪም ክትትል የሚወሰን የወደፊት ጉዳይ ነው። የዘንድሮው ግን በእኔ እምነት ይለፋት። ሕመምተኛ እንዲያፈጥር ሃይማኖቱ ራሱ እንደፈቀደላት ከእኔ ይልቅ የምታምናቸው ሼህ ቢነግሯት ልቧ ይቀበለዋል፤ ውጤቶቿን ይዛችሁ ከእርሳቸው ጋር ብትነጋገሩ መልካም ነው። እስከዚያው ሐኪሟ ካልከለከላት በቀር ውኃ በደንብ ትጠጣ። ማስታወክ፣ መደንዘዝ፣ ግራ መጋባት ወይም ከልክ ያለፈ ድካም ከታየባት ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዷት፤ ለተረኛው ሐኪምም ንቅለ ተከላ እንደተደረገላትና ካልሲየሟ 11.2 እንደነበር አስቀድማችሁ ንገሩት።

ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የሁለቱንም ከተሞች የውጤት ወረቀቶች፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው ያዙ። አገራችን የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ያከናወነችው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተተከሉ ኩላሊቶች ዕድሜ እያስቆጠሩ በመጡ ቁጥር እንዲህ ያለው የአጥንትና የካልሲየም ጉዳይ በየከተማችን ይበልጥ ይገጥመናል። ስለዚህ ሐኪሞቿን የአጥንት ጥግግት ምርመራ ያስፈልጋት እንደሆነና አሥራ ሁለተኛው ወር ሲሞላ ሆርሞኑ ስንት ላይ ቢገኝ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም በካርዷ ላይ እንዲጽፉላችሁ አድርጉ፤ እዚህ ደሴ የምንከታተላት እኛም እርሱን አይተን እንቀጥላለን።